የሚልክያስ ወንበር

በአንድ ወቅት አንዲት ልጅ ጎርፍ ሲመጣ አይታ ዝም አለች። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ግን «እኔ» ብዬ ልናገረው ስል አፌ ይያዛል፤ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ስሙልኝ።

ድሬዳዋ ላይ የከዚራ ሰፈርን ልጆች ከማዶ ሰፈር ልጆች የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነው። የሚገናኙትም እዚያው፣ ለኳስ ብቻ ነበር። ከዚራዎቹ ቁጥር ያለው ማሊያ ይለብሳሉ፤ ማዶዎቹ ካናቴራቸውን ገልብጠው ይለያሉ። ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ድሬ ድንገት ስለሚደርስ፣ ጨዋታ ባለ ቁጥር አንድ ልጅ ድልድዩ ላይ ቆሞ ውሃ ይጠብቃል። የዚያን ቀን ጠባቂዋ የማዶዋ ትርሲት ነበረች።

አንድ ለአንድ እያሉ ማዶዎች ሪጎሬ አገኙ። መቺው ረመዳን፣ በረኛው የከዚራው ሚልክያስ።

«አቦ፣ ማሊያህ እንዳይቆሽሽ!» አለ ረመዳን።

«አንተ ብቻ ጫማህ ከኳሱ ቀድሞ እንዳይገባ!»

ሁሉም ሳቁ። ትርሲት ዞር ስትል ድፍርሱ ውሃ ከመታጠፊያው ብቅ ብሏል። ከጮኸች ምቱ ይቀራል። «ይምታና» አለች በሆዷ።

ረመዳን መታ፤ ገባ። ያኔ ጮኸች። ሃያ ልጅ ሮጦ ወጣ።

ረመዳን ግን ካናቴራውን ፊቱ ላይ ገልብጦ ይጨፍር ነበር፤ አልሰማም። ሚልክያስ ዳር ከደረሰ በኋላ ተመለሰ። ገፍትሮ ወደ ዳር ጣለው፤ ራሱን ሚልክያስን ግን ውሃው ወሰደው።

ከአርባው በኋላ የሚልክያስ አባት ማዶ ሰፈር መጡ።

«የልጄ የትምህርት ቤት ወንበር ባዶ አይቀመጥም። ክፍያውን እኔ እችላለሁ፤ ከእናንተ አንዱ ይማርበት» አሉ፣ ረመዳንን እያዩ።

ረመዳን አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ነፍሱን ወስጄበት ወንበሩን አልደግምም። ሃያ ልጅ ያዳነችው ትርሲት ናት፤ ለሷ ይስጡ።»

ትርሲት ውሃውን ከምቱ በፊት ማየቷን ደበቀች። ወንበሩንም ወሰደች።

አራት ዓመት ተቀመጠችበት፤ ከጎኗ ማንም አልተቀመጠም። ሰፈሯ ስትመለስ ደግሞ «የከዚራዋ መጣች» ይሏታል። ጋራዥ የገባው ረመዳን ብቻ ግራሶ የነካው እጁን አንስቶ ሰላም ይላታል። ከሁሉ የከበዳት የሱ ሰላምታ ነበር።

እንግዲህ ፍረዱ። ሚልክያስ ለባላንጣው ሞተ። ረመዳን የተሰጠውን ለሌላ ሰጠ። ሃያው የተረፉት በትርሲት ጩኸት ነው፤ አንዱ የሞተው በዝምታዋ። ወንበሩ ለማን ይገባ ነበር? ለረመዳን? ለትርሲት? ወይስ ለሟቹ ባዶውን ይቀመጥ?

እናንተ ተከራከሩ። እኔን ግን፣ እባካችሁ፣ ይቅር በሉኝ።