ከምንጣፉ ሥር

አንዲት እናት ነበረች፤ ድመት ቤቷ ውስጥ እየሸናችባት የተቸገረች። ትስቃላችሁ? ሳቁ። ድመት ያላችሁ ግን አትስቁም።

ልጇ ምንታምር ካገባች አራት ዓመቷ ነው። በየበዓሉ ትመጣለች። በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አታወርድም። የቀረበላትን ቀመስ አድርጋ፣ "በይ እማዬ፣ ልሂድ" ትላለች።

"ምነው ልጄ፣ ዛሬ እንኳ እደሪ?"

"ሌላ ጊዜ።"

አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ጊዜ! እናት የልጇን አልጋ አንጥፋ ትጠብቃለች። ማንም ሳይተኛበት አንሶላው ይታጠባል፣ ተመልሶ ይነጠፋል። ናፍቆቷን በምን ልንገራችሁ? ልጅቷ የጠጣችበትን ብርጭቆ እንኳ ሳታጥብ ታሳድረው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ምክንያቱን አገኘሁት አለች። ድመቷ! የምንታምር አልጋ ያለበትን ጥግ ሽንት ቤቷ አድርጋዋለች። "ልጄን የሚያባርርብኝ ይሄ ግማት ነው!"

በረኪና አፈሰሰች። በኦሞ ፈተገች። በዓል ሲደርስ እዚያ ጥግ ላይ ቄጠማውን እጥፍ አድርጋ ጎዘጎዘች። አንድ ቀን ቤቱ ቄጠማ ቄጠማ ሸተተ። በማግስቱ ሽታው ተመለሰ፤ ድመቷም እዚያው ጥግ ተመለሰች።

ጎረቤቷ እትዬ በለጡ ይህን አይታ፣ "አንቺ ሴት፣ ላዩን ነው እንዴ ስታጥቢ የኖርሽው? የላስቲክ ምንጣፉን አንስተሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት።

አንስታው አታውቅም። ሁለቱ ሆነው አነሱት። ሥሩ ረጥቦ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ዓይን ያቃጥላል። አቼቶ በውሃ በጥብጠው አርከፈከፉበት፤ ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው አሳደሩት፤ ጠረጉት። ምንጣፉን አጥበው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ሽታው ጠፋ።

ለፋሲካ ምንታምር መጣች። ዱካዋ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አላወረደችም። "በይ እማዬ፣ ልሂድ።"

አሁን እናት ምን ትበል? ቤቱ ጸድቷል። በድመቷ ማሳበብ ቀርቷል። ልጇ እግር ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"ምንታምር፣ በሠርግሽ ቀን በሬን ዘግቼ ቀረሁ። ድሃ አገባችብኝ ብዬ ነው። ዘፈኑ እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር። በድዬሻለሁ ልጄ።"

ልጅቷም፣ "እማዬ፣ እኔን የድመት ሽታ መች አስቸገረኝ? ይቺን ቃል ነው ስጠብቅ የኖርኩት" አለች። ነጠላዋን አወረደች። አጣጥፋም አልጋዋ ራስጌ አኖረችው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ስንት ዓመት ጎዘጎዛችሁ? ለበዓል ትደውላላችሁ፣ ስጦታ ትልካላችሁ፣ "ደህና ነን" ትባባላላችሁ። ያቺን አንዲት ቃል ግን ብላችኋል? በእግዚአብሔርስ ፊት እንዲሁ አይደለን? መዝሙሩን እናበዛለን፤ ምንጣፉን አናነሳም። አንስተን ብናሳየው እኮ ሽታው አዲስ አይሆንበትም!

በራችሁ አጠገብ ተቀምጦ፣ ነጠላውን ሳያወርድ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ። ስሙ አሁን በልባችሁ መጥቷል፤ አውቃለሁ። እናንተ እንደናፈቃችሁት እሱም ናፍቋችኋል። ዛሬውኑ ሂዱና በድዬሃለሁ በሉት። ቄጠማው ይቆይ።