ትልም ያጣምማል የተባለው ወይፈን

አንድ ገበሬ ነበረ። ጋሽ ተድላ፣ ስለ በሬ ብቻ የማወራ መስሎዎት እንዳይዘናጉ። «ወጣቶቹ ምን ጎድሎባቸው ነው ቤተ ክርስቲያኑን ጥለው የሚሄዱት?» ብለው ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው ነው። የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆነው እንደ እኔ ያለችውን ምላሰኛ መጠየቅዎ ራሱ ምን ያህል እንደ ጨነቀዎት ይነግረኛል።

ገበሬው ሁለት ያረጁ በሬዎችና አንድ ወይፈን ነበሩት። ወይፈኑን ይወደዋል። ጨው ያልሰዋል፣ ለስላሳ ለስላሳውን ሣር እየመረጠ ያጭድለታል። በእርሻ ቀን ግን ወስዶ ማሳው ዳር ካለው ዋንዛ ሥር ያስረዋል። «እያየ ይማር» ይላል።

ሚስቱ «ከአንዱ አሮጌ በሬ ጋር አጣምደህ ለምን አታለማምደውም?» አለችው።

«ትልሜን ያጣምምብኛል።»

ትልሙ ክብሩ ነበር። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ «እንደ ክር የተዘረጋ» እያለ ያደንቅለታል። ጎረቤቱ ደግሞ የራሱን ወይፈን ካረጀ በሬ ጋር ጠምዶ ነበር የሚያርሰው፤ ትልሙ የእባብ መንገድ ነው። ገበሬው ባየው ቁጥር «አንተ፣ ጠላ ጠጥተህ ነው የምታርሰው?» ይለዋል።

«እኔስ አልጠጣሁም፤ ወይፈኑን እንጃ» ይላል ጎረቤቱ፤ እርሻውንም ይቀጥላል።

ሁለት ክረምት አለፈ። የገበሬው ወይፈን ገመዱን እየበጠሰ መጥፋት ጀመረ። ገበሬው እንቅልፍ አጣ። «ምን አጎደልኩበት?» እያለ ሣሩን ጨመረለት፤ ገመዱንም አወፈረው። ከቀንበር በቀር ያልሞከረው ነገር አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ገፍቶ የዘር ጊዜ ሊያልፍ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከአሮጌዎቹ በሬዎች አንዱ ከነቀንበሩ ተንበርክኮ በዚያው ቀረ። ገበሬው እየተርበተበተ ከዋንዛው ሥር ያለውን ፈትቶ ጠመደው። ወይፈን እላለሁ እንጂ ኮርማ አክሎ ነበር። ጫንቃውን ቀንበር ነክቶት አያውቅም። እንጨቱ ሲያርፍበት እንደ አውሬ ዘለለ፣ ሞፈሩን ሰበረ፣ አጣማጁን በሬ ጎትቶ ጣለና ወደ ጫካው ሄደ። ገበሬው የተሰበረውን እንጨት ይዞ ቆሞ ቀረ። የዘሩም ጊዜ አለፈ።

ጎረቤቱ ግን አርሶ፣ ደግሞ አርሶ፣ ጤፉን ዘርቶ ነበር። ጤፍ፣ እንደሚያውቁት፣ ይበተናል እንጂ በትልም አይዘራም። በመስከረም ማሳው አረንጓዴ ሲለብስ የትኛው ትልም ጠማማ እንደ ነበረ ማንም ሊለይ አልቻለም።

እንግዲህ ጋሽ ተድላ፣ «አዳራሽ ሠራንላቸው፣ ወንበር ገዛንላቸው» ይላሉ። ሣሩ እሱ ነው። «የቀረውን ስሙን መዝግቡ» አሉ። ገመዱም እሱ ነው። ወጣቶቹ በዓመት አንዴ ለጥምቀት ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ በማግስቱ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ይቆለፍበታል፤ እነሱም እስከ ከርሞ «ተቀመጡና ስሙ» ይባላሉ።

የራስዎ ልጅ ትርሲት ሕፃናቱን ላስተምር ብላ የተነሣች ቀን ሳሙኤልን ከሳኦል ጋር ብታምታታ፣ እርስዎ በሕፃናቱ ፊት ጠመኔውን ከእጇ ተቀበሏት። ትልሙ ቀና፤ ልጅቷ ቀረች። አሁን እሑድ እሑድ እናቷን እስከ ደጀ ሰላሙ ታደርስና ትመለሳለች። ከበሩ አልፋ አትገባም፤ አይቻታለሁ።

እኔም እንደ እርስዎ እፈራለሁ። የእርስዎ ጉልበት እየከዳዎት ነው። መሪጌታም ማኅሌት ቆመው ማደር ካቃታቸው ሁለት ዓመት አለፋቸው። ሐምሌው እየገፋብን ነው።

ስለዚህ ጠመኔውን ይመልሱላት። ታምታታለች፣ አልዋሽዎትም። እርስዎም በዚያን ጊዜ አጠገቧ ይቁሙ፤ ወይፈን ለብቻው አይጠመድምና።