የጥምቀት ቀሚስ በግማሽ ክፍያ

ባለቤቴ ይህን ቀልድ ባወራ ቁጥር ከሰው ጋር አብሬ እስቃለሁ። በቀልዱ ውስጥ ያለችው ሴት እኔ መሆኔን ግን አፍሬ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አቶ ዳምጠው የተባሉ ሀብታም ነጋዴ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ! ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከበዓል በኋላ ክፈሉ» እያሉ ሲሸጡ እኔም ገዛሁ። በበዓሉ ዕለት ታቦት አጅቤ ስሄድ ግን አቶ ዳምጠው መንገዴን ዘጉብኝ።

«ምን ያንቀባርርሻል? የቀሚሱ ግማሽ የእኔ ነው! ቀሪውን አሁኑኑ ክፈዪ፣ አለዚያ አውልቂ!» ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አንገቴን ደፍቼ መለስኩ፦ «ልክ ነዎት ጋሼ። የላይኛው ግማሽ የእኔ ነው፤ የእርስዎ የታችኛው ግን መሬት ለመሬት እየተጎተተ አቧራ በላው። ንብረትዎ ሳይበላሽ ጫፉን ይያዙና እንደ ሚዜ ይከተሉኝ።»