አያ ጅቦና የሚያብረቀርቀው መጎተቻ

አንድ ጊዜ፣ የዱር አራዊት መኪና መንዳት በጀመሩበት ዘመን፣ አያ ጅቦ አንዲት ትንሽ የቤት መኪና ነበረችው። መኪናዋ አያ ጅቦን ብቻውን ይዛ ዳገት ስትወጣ እንኳ ታቃስታለች። እሱ ግን «የኔዋ ተራራ ነቅላ ትጎትታለች» እያለ በየሄደበት ይፎክርላት ነበር።

በዚያ ዓመት በጋው ጠና። ሜዳው ነጣ፣ የጅቦች መንደር በረሃብ ተመታ፣ የአያ ጅቦ ልጆችም ሆዳቸው ከጀርባቸው ተጣበቀ። አንድ ማለዳ ከአያ አንበሶ ዘንድ መልእክት መጣ፦ «ከሐይቁ ዳር አንድ ትልቅ ጉማሬ በእርጅና ሞቷል። እኔ የሽማግሌ ሥጋ ጥርሴን ያመኛል። እስከ ነገ ማታ ማንሳት የቻለ ይውሰደው፤ ያለዚያ ለአሞራ ነው።»

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ምራቁ ደረቱ ላይ ወረደ። ከአጎቱ የወረሰው ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ከጓሮ ቆሟል። መኪናም አለ። የጎደለው ሁለቱን የሚያያይዘው መጎተቻ ብቻ ነበር። እየሮጠ ወደ አህያ ጋራዥ ሄደ።

አህያ ጎበዝ በያጅ ነው። ቢሆንም ከጅብ ጋር ሲነጋገር የብረት በሩን አይከፍትም። በመስኮት አንገቱን አወጣና፣

«መኪናህ ስንት ኪሎ ትጎትታለች?» ሲል ጠየቀው።

«ጉማሬ ትጎትታለች።»

«ኪሎውን ነው የጠየቅሁህ፣ አያ ጅቦ።»

«ሙሉ ጉማሬ!»

አህያ ጆሮውን አራገበ። «ስማኝ። መጎተቻ የሚታሰረው ከመኪናው አጥንት ከሻንሲው ጋር ነው። ስድስት ወፍራም ብሎን ይፈልጋል። ቢያመልጥ እንኳ ተሳቢውን የሚይዝ ሰንሰለት ይጨመርበታል። መኪናዋን እዚህ ተዋትና አንተ ከወንዙ ማዶ እደር፤ ነገ ጠዋት ትወስዳታለህ። ጉማሬውን ግን ሁለት ቦታ ከፍለህ በሁለት ጉዞ አምጣው።»

«ሁለት ጉዞ? እስክመለስ አሞራ ጨርሶት ቀንዱን ብቻ ሊያስቀርልኝ?»

«ጉማሬ እኮ ቀንድ የለውም።»

«አየህ! ከአሁኑ በልተውታል!» ብሎ አያ ጅቦ መኪናውን አስነስቶ በረረ።

እመት ቀበሮ መደብሯን ከመንገዱ ዳር ነበር የከፈተችው። በመስታወቱ ውስጥ እንደ ብር ሳህን የሚያብረቀርቅ ቀጭን መጎተቻ ሰቅላለች። አያ ጅቦ ገና ሲያየው ልቡ ሸፈተ።

«ጌታዬ አያ ጅቦ!» አለች፣ እጅ ነስታ። «ይህ እኮ እርስዎን ሲጠብቅ ነው የኖረው። ለተራ አውሬ አልሸጥም ብዬ ስንቱን መለስኩ!»

«አህያ ስድስት ብሎን ያስፈልጋል ይላል።»

«አህያ ምን ያድርግ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጀርባው ላይ ሲጭን የኖረ ነው። ስለ መጎተት ምን ያውቃል? ይልቅ ጠጋ ይበሉና ይመልከቱ፤ ፊትዎ ይታያል።»

አያ ጅቦ ጠጋ ብሎ አየ። ፊቱ ታየው። ወደደው።

እመት ቀበሮ ከመኪናዋ ሥር እንኳ ሳትገባ፣ መጎተቻውን ከኋላው ፓራውልት፣ ማለትም ግጭት ከሚመክተው ስስ ላሜራ ጋር በሁለት ቀጫጭን ብሎን አጣበቀችው። አያ ጅቦ አንዴ አዛግቶ አፉን ሳይገጥም ሥራው አለቀ።

«ከእርስዎማ ዋጋ አልቀበልም» አለችው። «ብቻ ሲመለሱ በጉሬዛ ዳገት በኩል ይለፉልኝ። ዘመዶቼ ከዳገቱ ሥር ቆመው መኪናዎን ይዩ።»

«ይዩ እንጂ!» አለ አያ ጅቦ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ተሳቢውን ከጓሮው አያይዞ ወደ ሐይቁ ዳር ሄደና ሲቆርጥና ሲጭን ዋለ። ለሁለት ጉዞ የሚበቃውን በአንዴ ቆለለው። ሆዱ እየጮኸ አንዲት ጉርሻ እንኳ አልቀመሰም፤ መንደርተኛው ሁሉ እያየው፣ በጭብጨባ መሃል ነበር መብላት የፈለገው።

የጉሬዛ ዳገት ሥር ሲደርስ ቀበሮዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ሁሉም ቢላዋ ይዘዋል። «ለክብሬ ነው» ብሎ ጥሩንባውን ነፋላቸው። መኪናዋ ዳገቱን ተያያዘችው። አቃሰተች፣ ጨሰች፣ ተንቀጠቀጠች። ወገቡ ላይ ስትደርስ ከኋላ «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወዲያው እንደ ሚዳቋ ቀለል ብላ ተፈተለከች።

«መጎተቻ ማለት እንዲህ ነው!» ሲል ጮኸ አያ ጅቦ። «የጫንኩም አልመስል!»

መንደሩ ሲደርስ ሚስቱና ልጆቹ፣ ጎረቤቱም ሁሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁት ነበር። ከመኪናው ወረደ። ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ፣ እጁን ወደ ኋላው ዘርግቶ፣

«በሉ ብሉ!» አላቸው።

ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ከኋላው ተመለከቱ።

«ምኑን?» አለች ሚስቱ።

ዞሮ ሲያይ ጉማሬ የለም። ተሳቢ የለም። ፓራውልቱም የለም።

እያለከለከ ወደ ዳገቱ ሥር ሲመለስ ቀበሮዎቹ ቢላዋቸውን እየጠረጉ ነበር። ሥጋው ቀርቶ አጥንቱንም ወደ ጉድጓዳቸው አግዘውታል። አያ ጅቦ እመት ቀበሮን ጎትቶ ከአያ አንበሶ ችሎት አቆማት።

«ጌታዬ፣ ዕቃዬ ይታይልኝ» አለች እሷ፣ ሳትደነግጥ። «መጎተቻው ተሰብሯል? አልተሰበረም። ተሳቢውን ለቋል? አልለቀቀም። ፓራውልቱንም እንደያዘ ነው። ጥላው የሄደችው መኪናው ናት!»

አያ አንበሶ ጎፈሩን አከከና ወደ አያ ጅቦ ዞረ። «ስትመርጠው ምን አይተህ መረጥከው?»

«ፊቴን፣ ጌታዬ።»

«አሁንስ ብታየው ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«ታዲያ ምን ጎደለብህ?» አለና ችሎቱን ዘጋ።

በማግስቱ ልጆቹ ማልቀስ እንኳ አቃታቸው። የአያ ጅቦ ሚስት የመኪናውን በር ከፈተች። ወንበሮቹ እውነተኛ ቆዳ የለበሱ ነበሩ። የፊተኞቹን ለልጆቿ ቀደደች፣ የኋለኛውን ለጎረቤት አካፈለች። አያ ጅቦ አንገቱን ደፍቶ፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ ያያል።

«ና እንጂ» አለችው በመጨረሻ። «መሪውም ቆዳ ለብሷል።»

መጣና በላው።

ከዚህ የምንማረው፣ የሸክሙን ክብደት ሳያውቅ ማያያዣውን በውበቱ የሚመርጥ፣ ጭነቱ መንገድ ላይ መቅረቱን የሚረዳው ቤቱ ከደረሰ በኋላ መሆኑን ነው።