አልሞት ያለው እንቁላል

«አልሰጥም» አለኝ ጫጩት አስፈልፋዩ ጌትነት። «ፈንግል ዶሮዎን ሁሉ ፈጀው አይደል፣ አባባ? የዶሮ ቤቱ በማጠቢያ መድኃኒት ሳይታጠብ ጫጩት ቢገባ ይረግፋል።»

ጫጩቱ ለእኔ አልነበረም። ለደብሪቱ ነው። ሚስቴ ዓይነ ስውር ናት። ንጋትን የምታውቀው አውራ ዶሮ ሲጮኽ ነበር። ዶሮዎቹ ካለቁ ወዲህ ሌሊቱ አላልቅ አላት። ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። እንቅልፍ አጥታ ሰውነቷ አለቀ።

ቤቱ አልታጠብ አለ፤ ጫጩቱ አልመጣ አለ፤ ለደብሪቱ አልነጋ አለ።

የእንስሳት መድኃኒት መጋዘን ሄድኩ። ጠባቂዋ በላይነሽ ሳቀችብኝ። «አባባ፣ በዓሉ ገና ሩቅ ነው፤ የዶሮ ወጥ ነው እንዲህ የሚያስሮጥዎት?» ነገሩን ስነግራት ሳቋን ተወች። «ማጠቢያው አዲስ ነው፤ አልተፈተነም። ዶክተር ፋንታነሽ ማኅተም ካልመታችበት አላወጣም።»

መጋዘኑ አልከፈት አለ፤ ቤቱ አልታጠብ አለ፤ ጫጩቱ አልመጣ አለ፤ ለደብሪቱ አልነጋ አለ።

ዶክተሯ ዘንድ ሄድኩ። እንቁላል በመብራት እያየች ነው።

«ምነው ልጄ፣ ከፋሽ?»

«አልሞተም፣ አባቴ።»

«እሰይ ነዋ!»

«እሰይ አይደለም።»

አስረዳችኝ። አንዱን እንቁላል ማጠቢያውን ብቻ ወግታዋለች፤ ውስጡ ያለው ሽል መኖር አለበት። ሌላውን ፈንግሉን ብቻ ወግታዋለች፤ መሞት አለበት። ሌላውን ሁለቱን ቀላቅላ ወግታዋለች፤ እሱ ከኖረ ማጠቢያው ፈንግሉን ገድሏል። አሁን ግን ሁሉም ኖሩ። ፈንግል ብቻ የተወጋውም ኖረ።

«ታዲያ ማጠቢያው ጎበዝ ነዋ» አልኩ።

«ሌባ ሳይመጣ ላደረ ቤት፣ ውሻው ጎበዝ ነው ይባላል?»

እንቁላሉን መልሳ ወደ መብራቱ አስጠግታ አሳየችኝ።

«የዚህ እንቁላል እናት ተከትባለች። ከእሷ የወረሰው ነገር ፈንግሉን መከተለት። እንዲህ ሆኖ ማኅተም ብመታ፣ አገሩ ሁሉ አጠብኩ ብሎ ጫጩት ያስገባል። ቢረግፍ የገደልኩት እኔ ነኝ። ክትባትም በሽታም ያልነካት ዶሮ እንቁላል ያምጡልኝ።»

እንቁላሉ አልሞት አለ፤ ማኅተሙ አልመታ አለ፤ መጋዘኑ አልከፈት አለ፤ ቤቱ አልታጠብ አለ፤ ጫጩቱ አልመጣ አለ፤ ለደብሪቱ አልነጋ አለ።

ከመንደራችን አጠገብ ያለውን ሐይቅ በታንኳ ተሻገርኩ። መሐሉ ላይ ባለች ደሴት ወይዘሮ ትጓደድ የምትባል ሴት ዶሮ ታረባለች። እንቁላል ለመንኳት፤ ለመርፌ ሙከራ መሆኑንም አልደበቅኋትም።

«የእኔ ዶሮዎች መርፌ አያውቁም። ፈንግልም ውኃውን አልተሻገረም» አለችኝ። «ግን ለሞት? ዶሮዬ የታቀፈችው ልትፈለፍል ነው። አልሰጥም።»

ብዙ መናገር አልችልም። ያለውን ነገርኳት።

«እህቴ፣ አንቺ ካልሰጠሽ እንቁላሉ አይሞትም። እንቁላሉ ካልሞተ ማኅተሙ አይመታም። ማኅተሙ ካልተመታ መጋዘኑ አይከፈትም። መጋዘኑ ካልተከፈተ ቤቱ አይታጠብም። ቤቱ ካልታጠበ ጫጩቱ አይመጣም። ጫጩቱ ካልመጣ ለደብሪቱ አይነጋም።»

«ደብሪቱ ማናት?»

«ሚስቴ። አታይም።»

ወደ ዶሮዋ ሄዳ ጎንበስ አለች።

«ሁሉም ይሞታሉ?»

«አንዳንዱ።»

«የትኛው?»

«አላውቅም።»

የነጠላዋን ጫፍ ቀደደች። እንቁላሎቹን እንዳይበርዳቸው ጠቅልላ ሰጠችኝ። ታንኳው እስኪርቅ ቆማ አየችን።

ትጓደድ ሰጠች። ማጠቢያ ብቻ የተወጋው ኖረ፤ ሁለቱን የተወጋው ኖረ፤ ፈንግል ብቻ የተወጋው ሞተ። ዶክተሯ የሞተውን በመዳፏ ይዛ ትንሽ ቆየች። እንቁላሉ ሞተ፤ ማኅተሙ ተመታ። ማኅተሙ ተመታ፤ መጋዘኑ ተከፈተ። መጋዘኑ ተከፈተ፤ ቤቱ ታጠበ። ቤቱ ታጠበ፤ ጫጩቱ መጣ። ጫጩቱ መጣ፤ አደገ፤ ላባ አወጣ፤ ጮኸ።

እኔ ተኝቼ ነበር። ደብሪቱ ትከሻዬን ነካችኝ።

«ተነሥ፣ አንተ ሰውዬ» አለችኝ። «ተሻገርና ለዚያች ሴትዮ፣ ነጋላት ብለህ ንገራት።»