ከመህሩ የበለጠው ቦርሳ

ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ በምንሸጠውም በምንገዛውም ከማታለል እርሱ ይጠብቀን። ግንብ በከበባት በአንዲት የጥንት ከተማ፣ ከመስጊዱ ቁልቁል ባለው የቆዳ ገበያ ውስጥ፣ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቆዳ ያለፋሉ፣ በቀይ ቀለም ይነክራሉ፣ ሰፍተው ይሸጣሉ። በዚያች ከተማ የጋብቻው ኒካህ ሲታሰር፣ ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጣት መህር እንዲሁ በእጅ አይሰጥም ነበር። በቆዳ ቦርሳ ተደርጎ ወደ ልጅቱ ቤት ይሄዳል፤ ቦርሳውም ለእሷው ይቀራል። የሐጂ ቡሽራ ዋና ሥራ ይኸው የመህር ቦርሳ ነበር።

ቆዳ እንከን አያጣም። መዥገር የነከሰው፣ እሾህ የቧጨረው፣ አለንጋ ያረፈበት ቦታ ይኖረዋል። ሌሎች ሻጮች ይህን በቀለም ይሸፍናሉ፤ ወይም ወደ ውስጥ አጥፈው ይሰፉታል። ሐጂ ግን ጠባሳውን በፊት በኩል ያውሉትና፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት አውራ ጣቱን ይዘው ያስነኩታል። «እንከኑ ይኸውልህ፤ አይተህ ግዛ» ይሉታል። እንከንን ደብቆ መሸጥ በዲናችን ክልክል ነውና፣ ይህን የሚያደርጉት አላህን ፈርተው ነበር።

ሰዉ ግን ነገሩን በሌላ ተረጎመው። መጀመሪያ ስለ እውነተኝነታቸው ወደዳቸው። ቆይቶ ደግሞ ሀብታሞቹ፣ ጠባሳው ከፊት ካልታየ የቡሽራ ሥራ አይደለም ማለት ጀመሩ። ሙሽሮች ለጎረቤት ሲያሳዩ አስቀድመው ጠባሳውን ያስነካሉ። ገዢ በገዢ ላይ ሲጨምር ዋጋው ወጣ። ሐጂም በመጀመሪያ የእውነት በረካ መስሏቸው አልሐምዱሊላህ ብለው ተቀበሉ። በኋላ ደነገጡና የጎረቤታቸው የሐሺም ቦርሳ ከዚሁ ቆዳ፣ በዚሁ ክር እንደሚሰፋ ለሰው ሁሉ ይናገሩ ጀመር። ገዢዎቹ ፈገግ ይላሉ፤ ስለ ትሕትናቸው ዱዓ ያደርጉላቸውና በዋጋው ላይ ይጨምራሉ። ከገበያው ጫፍ ያሉ ሰፊዎች ደግሞ ደህናውን ቆዳ በጋለ ምስማር እየተኮሱ ጠባሳ ማውጣት ያዙ።

አንድ ቀን ኑርዬ የሚባል፣ ከግንቡ ውጭ ማሽላ እያረሰ የሚኖር ድሃ ሰው መጣ። ልጁ ሙስባህ ረውዳ የምትባል ልጅ ሊያገባ ነው። አባቷ ስለሞተ የሚድራት ወሊዋ አጎቷ ሸረፋ ነው፤ እሱም በከተማው የታወቀ ነጋዴ ነው። ኑርዬ ያለችውን አንዲት የምትታለብ ላም ሸጦ የመህሩን ገንዘብ ይዟል። ያንን ገንዘብ በሙሉ አውጥቶ ሐጂ ፊት አስቀመጠና ቦርሳ ስጡኝ አለ።

«ለመህሩስ ምን አስቀረህ?» አሉት።

«ሐጂ፣ ቦርሳው የእርስዎ ከሆነ መህሩን ማን ከፍቶ ያያል?»

ሐጂ መርፌውን አስቀመጡ። ገንዘቡን ወደ እሱ ገፉና አንድ ቦርሳ አንስተው በነፃ ውሰድ አሉት። ኑርዬ እጁን አልዘረጋም።

«በስንት ገዛኸው ይሉኛል» አለ። «በነፃ ካልኩ ሰደቃ ተሸክሞ መጣ ብለው ይስቁብኛል። ገዛሁ ካልኩም ዋሸሁ። ይሽጡልኝ እባክዎ።»

ሐጂ አልሸጥም አሉ። ላሙን ሸጦ ባዶ ቦርሳ የሚልክ ሰው ገንዘብ በልጆቼ ጉሮሮ አይወርድም አሉ። ይልቁንም ከሐሺም ደህና ቦርሳ ገዝተው፣ የኑርዬን ገንዘብ ሙሉውን አስገቡበት። የራሳቸውንም አንድ ቦርሳ ያዙ። ለሸረፋ እኔው ራሴ አስረዳዋለሁ ብለው አብረው ሄዱ።

ሸረፋ በክብር ተቀበላቸው። «ሐጂ፣ ገበያው ቀዝቅዞብዎት ነው እንዴ ቤት ለቤት የሚያዞሩት?» ብሎ ቀለደ። እሳቸው ሁለቱን ቦርሳዎች ጎን ለጎን አስቀመጡለት። ቆዳው አንድ፣ ስፌቱ አንድ፣ ዕድሜው አንድ መሆኑን እያገላበጡ አሳዩት። የእርሳቸው የሚጠየቅበትን ዋጋ እንደማያወጣ በአላህ ስም ነገሩት።

«ቃሌን ታምናለህ?» አሉት።

«ከእርስዎ በላይ ማንን አምናለሁ!»

«እንግዲያስ አያወጣም እያልኩህ ነው።»

«ዕቃዬ ዋጋውን አያወጣም የሚል ሻጭ በዚህ ከተማ ሌላ አለ?» አለ ሸረፋ። «የእርስዎን የምንፈልገው እኮ ለዚሁ ነው።»

ሐጂ የራሳቸውን ቦርሳ ወደ ሸረፋ ገፋ አደረጉ። ከዚያ ቦርሳውን እኔ ለሙሽሪት ሰጥቻታለሁ፣ መህሯም ሙሉ ነው፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይለቅ ብለው ለመኑት። ሸረፋ ራሱን ነቀነቀ። እርስዎ ከሰጡማ ሙሽራው ምን አወጣ አለ። ሐጂ መህር የልጅቱ ሐቅ ነውና እሷ ትጠየቅ አሉ። ተስፋቸው እዚያ ላይ ነበር። ረውዳ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስታለቅስ ተሰማች።

«ለእህቴ የመጣው ቦርሳ በግዢ ነው» አለች። «እኔ ለምን በስጦታ ይመጣልኛል?»

ኒካሁ በዚያው ቀረ።

ሲመለሱ ኑርዬ ገንዘቡን እንደያዘ ከሐጂ ጎን ጎን ሄደ። በግንቡ በር ሊለያዩ ሲሉ ቆመ። «ሐጂ፣ ክፉ አይደሉም፤ አውቃለሁ» አለ። «ግን ሸጠውልኝ ቢሆን ልጄ አግብቶ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ሐጂ ቡሽራ የመህር ቦርሳ መስፋት ተዉ፤ የበቅሎ ልጓምና የውሃ ስልቻ ብቻ ይሠሩ ነበር። ከእንግዲህ አይገኝም ተብሎ የድሮው ቦርሳቸው ዋጋ በእጥፍ ጨመረ። አንድ ወዳጃቸው ይህን ሲነግራቸው ሥራቸውን ሳያቆሙ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ቆዳ ሸጥኩ። እነሱ የገዙት ሌላ ነው። አላህ ስለ ሸጥኩት ሲጠይቀኝ ቆዳ ነው እላለሁ፤ እነሱ ስለ ገዙት ሲጠየቁ ምን ይሉ ይሆን?»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ታሪክ የነገሩኝ ሰው ሙስባህ በኋላ አገባ ወይም ሸረፋ ተጸጸተ አላሉኝም፤ እኔም አልጨምርም። የሐጂ ንግግር ነፍሳቸውን የሚያሳርፍ አይደለም፤ የጨነቀው ሰው ንግግር ነው። ጥሩ ቆዳ በጥሩ እጅ ሲሰፋ ዋጋ አለው፤ ለሠሪው ድካም መክፈልም ሐላል ነው። እስከዚህ ድረስ እናውቃለን። ከዚያ በላይ የምንከፍለው ግን ቆዳም ስፌትም አይደለም፤ ጎረቤት እንዳይንቀን የምንከፍለው ነው። ዛሬ የሠሪው ስም የታተመበት ቦርሳ ለመግዛት ቤተሰቡን የሚያስርብ ሰው አለ። ሻጭ ካታለለን ዳኛ ጋ እንሄዳለን። ሻጩ እውነቱን ነግሮን፣ ጣታችንን ይዞ አስነክቶን፣ እኛ ግን እንቢ ካልን ወደ ማን ይኬዳል? እኔ እዚህ ላይ ፍርሃት ይይዘኛል። እውነት መናገር ይበቃል ብዬ አስብ ነበር። ለኑርዬ አልበቃውም።