ገመዱን ማን ይያዝ?

በአንድ ወቅት፣ አለቃ የሌለው አምባ ነበር። ዙሪያው ገደል፣ መውጫው አንድ የጠፍር ገመድ ብቻ። ገመዱ የተገመደው እያንዳንዱ ቤት ከበሬው ቆዳ አንዳንድ ጠፍር አዋጥቶ ነው። ነገር ሁሉ ከወይራው ሥር በአንድ ቃል ይወሰናል፤ አንዲት አሮጊት እንኳ «አይሆንም» ካለች አይሆንም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያሉ ይኩራሩ ነበር። ኩራት ደግሞ ገደል አጠገብ ደግ አይደለም።

አንድ ቀን ከገበያ የሚመለሱ አራት ሰዎችን ሽፍቶች እያሳደዱ ከገደሉ ሥር አደረሷቸው። ከላይ ገመዱን የሚጠብቁት ባለተራዎች ጓንጉል፣ ይርዳውና ትርንጎ ነበሩ። ሕጉ «ጠላት ከታየ ሳይመከር ገመድ አይወርድም» ይላል።

ይርዳው ሕጉን አሰበ። «አምባው የሁላችንም ነው፤ ብቻችንን አንወስንም» ብሎ ሕዝቡን ሊጠራ ሮጠ።

ጓንጉል ከታች ጩኸታቸውን ሲሰማ አንጀቱ አልቻለም። «እስክትመክሩ ያልቃሉ!» ብሎ ገመዱን አወረደ፤ ሦስቱን አንድ በአንድ ስቦ አወጣ።

አራተኛው ደምለው ነበር፤ የአሮጊቷ የዘርፌ አንድ ልጅ። መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ሽፍቶቹ የገመዱን ጫፍ ያዙ፤ አንዱም መውጣት ጀመረ። ጓንጉል መሳብ አቃተው። ትርንጎ ዞር ብላ የመንደሩን ሕፃናት አየች። ደምለው ቀና ብሎ «ትርንጎ፣ አደራሽን!» አላት። ቢላዋዋን አወጣችና ገመዱን ቆረጠችው።

ይርዳው ወዲያው ሕዝቡን ይዞ ደረሰ። ድንጋይ ቢያወርዱባቸው ሽፍቶቹ ሸሹ።

«ትርንጎ ጥቂት ብትታገሥ!» ይላል አንዱ። «ይርዳው ከመሮጥ አብሮ ቢስብ!» ይላል ሌላው። «መጀመሪያውኑ ጓንጉል ባያወርድ!» የሚሉም አሉ፤ ይህን የሚሉት ግን የተረፉት ሦስቱ በሌሉበት ነው።

አሁን አዲስ ገመድ ተገምዷል። ሦስት ሰው ሦስት ልብ ነው ብለው ስለፈሩ፣ ከእንግዲህ ጠባቂው አንድ ይሁን ተባለ። ውኃው ያለው ከገደሉ ሥር ነው። እንስራው ሁሉ ደርቋል፤ የሚወርድ ግን ጠፋ። ሰው ሁሉ ተንጠልጥሎ ቀና ሲል የሚያየውን የጠባቂ ፊት እያሰበ ከገደሉ አፍ ይመለሳል።

ከወይራው ሥር የሦስቱ ባለተራዎች ስም ለምርጫ ሲጠራ ዘርፌ «ይሁን»ም «አይሆንም»ም አላለችም። «እናንተ ምረጡ። የልጄን አጥንት ልለቅም ቀድሜ የምወርደው እኔ ነኝ» አለች።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ከእሷ ቀጥላችሁ የምትወርዱት እናንተ ናችሁ። ገመዱን ለማን ትሰጣላችሁ? ለሮጠው፣ ላወረደው፣ ወይስ ለቆረጠችው?